ከወይባ ጉድጓድ እስከ ቤር ሼቫ

በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በወሎና በትግራይ ቆላ፣ በጎንደርም በኩል፣ ለአራስ ሴት ወይም ለሠርጓ ለምትሰናዳ ሙሽራ ከቤቱ ጥግ ትንሽ ጉድጓድ ይማስላታል። ከታች ፍም ይደረጋል፣ ከፍሙ ላይ የወይባ ዛፍ ፍልጥ። እንጨቱ እንዲጤስ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ነበልባል ካወጣ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ሴትዮዋ ልብሷን አውልቃ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጥና ከአንገቷ በታች በቡልኮ ትሸፈናለች። ጭሱ ሾልኮ እንዳያመልጥ እናቷ ወይም አክስቷ የቡልኮውን ጫፍ ከአንገቷ ሥር አጥብቃ ትይዛለች። ላቡ በጀርባ ይንቆረቆራል። ስትነሳ ገላዋ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ልስልስ ያለ ነው፤ ጠረኑም ለቀናት አይለቃትም። ለምን እንደሚያደርጉት ሲጠየቁ እናቶች ብዙ አያብራሩም። «ገላ ያጠብቃል» ይላሉ።

ዛሬ በእስራኤል፣ ቤር ሼቫ ውስጥ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ በሚላት ከተማ፣ የውበት ክሊኒኮች የሚሸጡት ይህንኑ ሁለት ቃል ነው፤ ያለ ቢላዋ፣ ያለ ስፌት፣ በሙቀት ብቻ ቆዳ ማጥበቅ። ሙቀቱ ከጉድጓድ ተነስቶ ማሽን ውስጥ እስኪገባ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። ማሽኑ መጀመሪያ የተሠራውም የእኛን ዓይነት ቆዳ ታስቦ አልነበረም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወደ አውሮፓ ከመሻገሬ በፊት ግን ከጎንደር አንድ ነገር ይዤ ልሂድ፤ በኋላ ያስፈልገኛል። እሱም ንቅሳት ነው። የነቃሿ ዕቃ ጥቂት ነው፤ ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት፣ ጥላሸቱን የሚያርስ የቅጠል ጭማቂ፣ አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች ወይም እሾህ። ልጅቷ ጭንቅላቷን ከአንዷ ጉልበት ላይ ታስደግፋለች፣ ሌላዋ እጇን ትይዛለች፣ ነቃሿ ትወጋለች። ግንባር ላይ መስቀል፣ አገጭ ላይ ነጠብጣብ፣ አንገት ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ መስመር። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ውሃ የሚቀዱ የቤተ እስራኤል፣ ማለት የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ልጆችም ተነቅሰዋል፤ ከፊሎቹ ለጌጥ፣ ከፊሎቹ ከጎረቤት ላለመለየት። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ገላን መንቀስ ይከለክላል። ጌጥ ግን መቼ ሕግ ሰምቶ ያውቃል!

በ1891 ፓሪስ ውስጥ አርሰን ዳርሶንቫል የተባለ ሐኪምና የፊዚክስ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ተመለከተ። የኤሌክትሪክ ጅረት በሰው ገላ ሲያልፍ ጡንቻን ያንዘፈዝፋል፣ ሲበረታም ይገድላል። ጅረቱ አቅጣጫውን በሰከንድ ከ10,000 ጊዜ በላይ እንዲለዋውጥ ሲደረግ ግን ጡንቻው አይኮማተርም፤ ሰውየው የሚሰማው ሙቀት ብቻ ነው። ገላ ለጅረቱ መንገድ አልሰጥ ስለሚል፣ ግትርነቱ የጅረቱን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በ1926 ዊሊያም ቦቪ የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ ጅረት በቦስተን ለነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ለሃርቪ ኩሺንግ አቀረበለት፤ የሚደማ ሥር መተኮሻ ሆነ። ቆዳ ማጥበቂያ ለመሆን ሌላ ሦስት ሩብ ክፍለ ዘመን ፈጀበት።

በመሀሉ ብርሃን ቀደመ። ግንቦት 16 ቀን 1960 ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሩቢ ዘንግ የመጀመሪያውን የሌዘር ጨረር አወጣ። ሌሎች ስለ ጦር መሣሪያ ሲያልሙ፣ የሲንሲናቲው የቆዳ ሐኪም ሊዮን ጎልድማን ጨረሩን ወደ ቆዳ አዞረው። ጨረሩ ከነጣው ይልቅ በጠቆረው ላይ በርትቶ እንደሚያርፍ ለማስተዋል ጊዜ አልፈጀበትም፤ ጥቁር ጸጉር፣ ጥቁር ነጥብ፣ የንቅሳት ቀለም። በ1964 ደግሞ ከቤል ቤተ ሙከራ ሁለት አዳዲስ ሌዘሮች ወጡ። አንደኛው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ሲሆን በቆዳ ውስጥ ያለውን ውሃ እያፈላ ይቆርጣል። ሁለተኛው ኤንዲ-ያግ ይባላል፤ የሞገዱ ርዝመት 1,064 ናኖሜትር፣ ለዓይን የማይታይ። ይህችን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ።

የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሌዘር በ1970ዎቹ መጀመሪያ እስራኤል ገባ። በፔታህ ቲክቫው የቤይሊንሰን ሆስፒታል የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም የነበሩት አይዛክ ካፕላን ከኢንጂነር ኡዚ ሻሮን ጋር ሆነው ለቀዶ ሕክምና ክፍል የሚመች ሌዘር ሠሩ፤ ስሙንም ከሁለቱ ስም ቆርጠው «ሻርፕላን» አሉት። እስራኤል በውበት ማሽን ዓለም ላይ የያዘችው ስፍራ ከዚህ ይጀምራል። ይህ ሌዘር በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ የፊትን የላይኛውን ቆዳ ልጦ አዲስ ቆዳ ለማብቀል ዋለ። ማጥበቁን በእርግጥ ያጠብቃል። ዋጋው ግን ለሳምንታት የሚያዥ ቁስል ነው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ለወራት የማይጠፋ ዥጉርጉር ጠባሳ። ስለዚህ ሐኪሞቹ ጥቁር ሰው ሲመጣባቸው «ይቅርብዎ» ማለትን ተማሩ።

በ1975 የሃርቫርዱ ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የሰውን ቆዳ በደረጃ ከፈለ። ምክንያቱ ተራ ነበር፤ የቆዳ በሽታ ያለባቸውን በአልትራቫዮሌት ጨረር ለማከም መጠኑን ማወቅ አስፈለገው፣ ስለዚህ «ፀሐይ ላይ ስትቆም ትቃጠላለህ ወይስ ትጠቁራለህ?» ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው መለኪያ አራት ደረጃ ብቻ ነበረው፣ አራቱም ለነጭ ቆዳ። ለቡናማውና ለጥቁሩ አምስተኛውና ስድስተኛው ደረጃ የተጨመሩት ኋላ ነው። ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎ፣ አዲስ አበባ ያለው አብዛኛው ሰው የሚገኘው በእነዚህ በተጨመሩት ደረጃዎች ነው። ዛሬም ማንኛውም የሌዘር ባለሙያ ማሽኑን ከመክፈቱ በፊት የሚያየው ይህን መለኪያ ነው፤ በመጨረሻ የተጨመሩት ደረጃዎችም ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት «ተጠንቀቅ» የሚለውን ቃል ነው።

ያም ሆኖ ጥቁር ቆዳ የሚሰጠውን ጥቅም መርሳት ግፍ ይሆናል። ሜላኒን ፀሐይን ይመክታል። በ1979 የተሠራ አንድ ልኬት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ ያለ ምንም ቅባት የሚሰጠውን መከላከያ በፀሐይ ቅባት መለኪያ ወደ 13፣ የነጭን ወደ 3 አድርሶታል። ለዚህ ነው መጨማደዱ ለእኛ ዘግይቶ የሚመጣው። ሲመጣም ቀድሞ የሚታየው መስመር ሳይሆን መውረድ ነው፤ ጉንጭ ይወርዳል፣ የአገጭ ሥር ይላላል።

በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ሌዘርን ከግምት ያወጣ ሐሳብ አሳተሙ። ተፈላጊው ነገር የሚውጠውን ሞገድ ምረጥ፤ ከዚያ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሳይፈስ በፊት ጨረሩን አቁም። ትልቅ ነገር ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ደቃቅ ነገር በቅጽበት። እንደ ጥላሸት ቅንጣት ያለ ደቃቅ ነገርን ብቻውን ለመምታት የጨረሩ ዕድሜ ከሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛው ጥቂት እጥፍ ያህል መሆን አለበት።

በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ፣ ቦስተንንም ሌዘርንም ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ከጎንደር ገጠር በእግር ሱዳን ደርሰው ከመጠለያ ወደ አውሮፕላን ይወጡ ነበር። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ በቆየው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8,000 የሚጠጉ የቤተ እስራኤል ልጆች ወደ እስራኤል ሲጓዙ፣ ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 ደግሞ «ዘመቻ ሰለሞን» በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ አነሳ። ብዙዎቹ ያረፉት በአገሪቱ ደቡብ ነው፤ ቤር ሼቫም ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። ሰፈሮቿ በፊደል ይጠራሉ፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊመል፣ ዳሌት። ከመርካዝ ክሊታ፣ ማለት ከመቀበያ ማዕከሉ፣ ሲወጡ የሚጠብቃቸው የኔጌቭ በረሃ ፀሐይ ነው።

መቀበያ ማዕከሉ ውስጥ መስተዋት ነበረ። ጎንደር ላይ ማንም ዘወር ብሎ የማያየው የግንባር መስቀል እዚህ በየአውቶቡሱ ዓይን ይስብ ጀመር። አይሁዳዊት ሆና ግንባሯ ላይ መስቀል? ሥራ ፍለጋ የሄደች ትጠየቃለች፣ ልጇን ትምህርት ቤት ያደረሰች ትጠየቃለች፣ ልጇም ይጠየቃል። ሻሽን እስከ ቅንድብ ማውረድ የብዙ እናቶች መላ ነበር።

በዚያው ጊዜ አካባቢ፣ በ1992፣ ሺሞን ኤክሃውስ የተባለ እስራኤላዊ የፊዚክስ ሊቅ ከጦር መሣሪያ ምርምር ወጥቶ ሰሜን ውስጥ ኢኤስሲ ሜዲካል የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ማሽኑ ሌዘር አልነበረም። እንደ ካሜራ ፍላሽ ኃይለኛ ብልጭታ በማጣሪያ እያሳለፈ ቆዳ ላይ የሚለቅ ነው፤ ዓለም «አይፒኤል» ብሎ ያውቀዋል። ኩባንያው በ1998 የሻርፕላንን አምራች ጠቀለለ፣ በ2001 ሉመኒስ ተባለ፤ ዮክነዓም የተባለችው ትንሽ ከተማም የውበት ማሽን መፍለቂያ ሆነች። አይፒኤል ለነጭ ቆዳ ተአምር ነው፤ የቀላ ሥር ያጠፋል፣ ነጠብጣብ ያነሳል፣ ቆዳውን ያድሳል። ለጥቁር ቆዳ ግን ችግር ነው፤ ብልጭታው ከታች ያለውን ሳይደርስ ከላይ ያለውን ሜላኒን አግኝቶ እዚያው ይቀራል። አንዲት ጎረቤቴ ስሙን በማልጠራው ቦታ የአገጯን ጸጉር ልታስነሳ ገብታ ጉንጯ ላይ አራት ማዕዘን እየሆነ የተደረደረ ቃጠሎ ይዛ ወጣች። የማሽኑ መስኮት ቅርጽ ነበር፣ ልክ እንደ ማኅተም። አንድ ጊዜ ጥላው የነበረውን ሻሽ መልሳ አንስታ ስድስት ወር ሸፈነችው።

2002 ወሳኝ ዓመት ሆነች። በሚያዝያ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ቦቶክስን ለቅንድብ መሀል መጨማደድ ፈቀደ። ቦቶክስ ሁሉን ስም ጠቅልሎ ወሰደ እንጂ ቆዳ አያጠብቅም፤ ጡንቻ ነው የሚያዝለው። ለእኛ ታሪክ የሚበልጠው በዚያው ዓመት ብዙ ወሬ ሳይነሳለት የተፈቀደው ቴርሜጅ የተባለው የካሊፎርኒያ ማሽን ነው፤ ለዓይን ዙሪያ መጨማደድ። ይህ የዳርሶንቫል ጅረት ነው። ማሽኑ የላይኛውን ቆዳ እያቀዘቀዘ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን ወደ ታችኛው ንጣፍ ይሰዳል። እዚያ ኮላጅን አለ፣ ሦስት ክር ተገምዶ የተሠራ ገመድ። ሙቀቱ ወደ 60 እና 65 ዲግሪ ሲጠጋ ግምዱ ይላላና ገመዱ ያጥራል፤ ጥብስ ሥጋ ምጣድ ላይ ሲኮማተር ያየ ሰው ነገሩን አይቶታል። ከዚያ ገላ ጉዳት የደረሰበት መስሎት ለወራት አዲስ ኮላጅን ይሠራል። ወይባው ላይ እንደተቀመጠችው ሴት ላብና ልስላሴ ብቻ አይደለም፤ ጭስ ያን ያህል ጠልቆ ያን ያህል አያሞቅም።

ጅረት ዓይን የለውም። ብርሃን ቆዳውን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ጅረት የሚያየው ውሃና ጨው፣ የገላን ግትርነት ነው። አምስተኛ ደረጃ፣ ስድስተኛ ደረጃ፣ ለእሱ አንድ ናቸው። ሐኪሞች «ቀለም የማያይ» ይሉታል። ባለ ስድስተኛ ደረጃዋ ሴት «ይቅርብዎ» ሳትባል የምትተኛበት አልጋ ተገኘ።

በ2004 የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ መጽሔት ላይ ሞሼ ላፒዶትና አንድ ባልደረባው አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ርዕሱ በእስራኤል ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አይሁዶች ንቅሳት ማስነሳት ነበር፤ ወግና ቴክኖሎጂ ፊት ለፊት ሲገናኙ ይላል። የጎንደር እናቶች ግንባር በሕክምና መጽሔት ታተመ ማለት ነው። የሚገርመው የእናቶቻችን ጥላሸት ለሌዘር ከቀለም ሁሉ የቀለለ መሆኑ ነው። የዘመኑ ንቅሳት አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው እያንዳንዱ የየራሱን ሞገድ ይፈልጋል። ጥላሸት ግን ካርቦን ነው፣ የመጣለትን ሁሉ ይውጣል። ስለዚህ ሜላኒን ብዙም የማይውጠውን 1,064ን መርጦ፣ በቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚቆጠር ምት እየሰጡ፣ ቅንጣቱን ማድቀቅ ይቻላል። የደቀቀውን የገላ ጠራጊ ሴሎች ይውጡታል። በየጥቂት ሳምንቱ እየተመለሱ ብዙ ጊዜ መመታት ያስፈልጋል፤ ከምጣድ ሥር በአንድ ከሰዓት የወጣ ጥላሸት ለመውጣት ወራት ይወስድበታል። ያው 1,064 ምቱ ሲረዝም ደግሞ ቅንጣት ማድቀቁን ትቶ ቆዳውን ከሥር ቀስ ብሎ ያሞቃል፤ በዚህ መልኩ ቆዳ ማጥበቂያ ሆኖም ያገለግላል።

የቀረው በፍጥነት የሆነ ነው። ቄሳርያ ላይ በ1999 የተቋቋመው አልማ፣ ዮክነዓም ላይ በ2000 ኤክሃውስ ያቋቋመው ሲነሮን፣ በ2008 የመጣው ኢንሞድ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን ለየክሊኒኩ አዳረሱ። በ2009 አሜሪካ ቅንድብ ለማንሳት በአልትራሳውንድ የሚሠራ ማሽን ፈቀደች፣ እሱም ቀለም የማያይ። አንድ ለውጥ ግን ረጋ ብለን ልናየው ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቴርሜጅ በከፍተኛ ኃይል ጥቂት ጊዜ ነበር የሚያልፈው፤ ያማል፣ አንዳንዱም ላይ ሥሩ ያለው ስብ ቀልጦ ጎድጓዳ ቦታ ተወ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐኪሞቹ ኃይሉን ቀንሰው ደጋግመው ማለፍ ጀመሩ፤ መጠኑንም የሚወስኑት ታካሚዋን እየጠየቁ ሆነ። «ምን ያህል ሞቀሽ?» ሕክምናው ማሽኑን ብቻ ማመን አቆመ። በሽተኛዋ እውነቱን መናገር አለባት።

ይህን ስጽፍ የማስበው አክስቴን ነው። በ1991 መጥተው ቤር ሼቫ የኖሩ ናቸው። የግንባራቸውን መስቀል ልጆቻቸው ለምነዋቸው በሌዘር አስነሱት፤ የአንገታቸውን ዶቃ ግን «እናቴ ያሠራችልኝ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጃቸው የባር ሚጽቫ በዓል ሲቃረብ የአገጫቸው ሥር መላላቱ አስቆጫቸውና ይዤአቸው ሄድኩ። ኩፓት ሆሊም፣ ማለት የጤና መድኑ፣ ለውበት አይከፍልም፤ ከኪስ ነው። ባለሙያዋ ሩሲያዊት ነች። ገና የአንገታቸውን ንቅሳት ስታይ ወደ መደርደሪያው ተመለሰችና ብልጭታ ያለውን ማሽን ትታ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲውን ጎተተች። ጥላሸት ብርሃን እንደሚስብ ታውቃለች ብዬ ደስ አለኝ። ቀዝቃዛ ጄል ቀባች፤ ጣቷ ከዶቃው መስመር በላይ ቆመ፣ ወደ ታች አልወረደችም።

ራሱ ክብ የሆነው ብረት ከጆሯቸው ሥር ወደ አገጫቸው ይሄድ ይመለስ ጀመር። «ከ1 እስከ 10፣ ምን ያህል ሐም?» አለች። ሐም ማለት ሙቅ ነው፤ እኔ ተረጎምኩ።

«በላት ሦስት።»

ብረቱ ተመለሰ። እንደገና ጠየቀች። ሦስት። ኃይሉን ትንሽ ጨመረች። ሦስት። እጃቸው ግን የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ጅማቱ ወጥቷል፤ የዓይናቸው ጥግ እርጥብ ነው።

«እቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ። ይህች ልጅ ሙቀቱን የምታውቀው በአንቱ አፍ ነው።»

«ወይባ ላይ ተቀምጦ 'ሞቀኝ' ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወይባው ሲበረታ እናትዎ ቡልኮውን ገለጥ ያደርጉልዎ ነበር። ይህቺ ማየት አትችልም።»

አክስቴ ጣሪያውን አይተው ዝም አሉ። ባለሙያዋ ብረቱን አንስታ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያየች ትጠብቃለች። ማሽኑ ትንፍ ትንፍ ይላል።

«ስምንት በያት» አሉ በመጨረሻ። «ከመጀመሪያውም ስምንት ነበር።»

ስነግራት ልጅቷ ሁለት ደረጃ አወረደችና እስኪበርድ ድረስ እጇን ከጉንጫቸው አጠገብ አስቀምጣ ቆየች።